እትዬ ሰታይታና የማዶው ሣር

በዓለም ላይ ምሽግ በተሠራበት ከተማ ሁሉ አንዲት ተከራካሪ ሴት አትጠፋም። ግንቡን ጠላት ሊንደው ይችላል፤ እሷን ግን ከያዘችው ዋጋ ንቅንቅ የሚያደርጋት አልተፈጠረም። ሌላው ከተማ የራሱን ያውራ። የእኛዋ፣ የረሕባዋ፣ ክብርት እትዬ ሰታይታ ነበሩ፤ የኤፍራጥስ ማዶ ሣር ጠቅላይ እንደራሴ፣ የሽንኩርት ሻጮች ሁሉ የራስ ምታት፣ በጎቻቸውንም ጎረቤታቸውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጣሩ ባልቴት።

ነጋዴ ዋጋ ሲጠራላቸው አይቆጡም። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጉና፣ የታመመ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ የአፍህ ነው፤ የልብህን ንገረኝ» ይላሉ። በቃ፣ ሰውዬው አለቀለት። ሲነጋ አንድ ልብ ይዞ ከቤቱ የወጣ ነጋዴ፣ ከሳቸው ጋር ሲጨርስ ሌላ ልብ፣ ከዚያም በታች ሌላ ልብ እንዳለው አውቆ፣ ላቡን እየጠረገ ሱቁን ይዘጋል።

ባላቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ገጠሙ። «ሰውዬው አጭር ነበር፤ የረጅም ሰው ጉድጓድ ለምን ታስከፍለኛለህ?»

«እትዬ፣ ጉድጓድ በሟች ቁመት አይተመንም» አለ ቆፋሪው።

«እሱ የአፍህ ነው።»

ቆፋሪው በተባለው ዋጋ ቆፍሮ፣ በላዩ ላይ የበረታቸውን በር በነፃ ጠግኖላቸው ሄደ። አስከሬን የተሸከሙት ሰዎች እንደሚሉት ሟች ቢችሉ ኖሮ ተነስተው ቆፋሪውን «ተዋት ወንድሜ፣ እኔም አልቻልኳት» ይሉት ነበር።

የሱልጣኑ ርግቦችም አልቀረላቸው። በምሽጉ ማማ ላይ ጠላት ሲታይ መልእክት ታስሮላቸው ወደ ደማስቆ የሚበሩ ርግቦች አሉ፤ ከደማስቆ ደግሞ ሌሎች ሱልጣኑ ወዳለበት ወደ ካይሮ ይቀጥላሉ። እትዬ ሰታይታ አንድ ቀን ርግብ ጠባቂውን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ «ይቺ ርግብ ደማስቆ ድረስ እንዲሁ ባዶዋን ልትሄድ ነው? ለእህቴ ትንሽ ክር ብትወስድላትስ?» አሉት።

«እማማ፣ የመንግሥት ርግብ ናት!»

«መንግሥት ክር አይለብስም?»

ክሩ ሄደ አልሄደም ርግብ ጠባቂው እስኪሞት አልተናገረም። እህትየዋ ግን በዚያ ሰሞን ምን የመሰለ ቀይ መቀነት ታጥቃ ታየች ተብሏል።

እንግዲህ እኚህ ሴት ከሱልጣኑ የድንበር ጥበቃ ጋር የተጋጩት በሣር ምክንያት ነው።

ሞንጎሎች በየዓመቱ ባይመጡም፣ በየዓመቱ ሊመጡ ነው ይባላል። ሲመጡ አንዱ ሰው ከተቀመጠበት ፈረስ ሌላ ብዙ ፈረስ ከኋላው ይጎትታል። ገብስ አይጭኑም፣ ድርቆሽ አይጭኑም፤ ፈረሱ መንገድ ላይ ያገኘውን ይግጣል፣ ሰውዬው የፈረሱን ወተት ይጠጣል። ስለዚህ ረሕባን የሚጠብቃት ግንቧ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚጠብቃት በማዶ ሣር አለመኖሩ ነው። በየዓመቱ ዝናብ ሳይጥል፣ ሣሩ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ የሱልጣኑ አቃጣዮች ወንዙን ተሻግረው የምሥራቁን ሜዳ ሁሉ ያጠቁሩታል። ሣር ከሌለ ፈረስ የለም፤ ፈረስ ከሌለ ሞንጎል የለም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ክብሪትና አንጀት ብቻ ቢኖር በቂ ነው እንዳልል ያኔ ክብሪት አልነበረም፤ ፍም በማሰሮ ይዘው ነው የሚዞሩት።

የአቃጣዮቹ አለቃ አይደሙር ይባላል። እሱም የሣር አገር ልጅ ነው፤ ልጅ ሳለ ከሩቅ ሰሜን፣ ዳርቻው ከማይታይ ሜዳ ተሽጦ መጥቶ የሱልጣን ወታደር ሆነ። በተወለደበት አገር ሣር ያቃጠለ ሰው ይገደላል። እዚህ ደግሞ ባቃጠለ ቁጥር ካባ ይሸልሙታል። ችቦውን መሬት ሲያስነካ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል፤ ወታደሮቹ ጭሱ ዓይኑን እየቆጠቆጠው ይመስላቸዋል።

ታዲያ ይህ ሰው በየዓመቱ ወንዙን ተሻግሮ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠላት እትዬ ሰታይታን ነበር። ከባላቸው የወረሱት መስክ ልክ ከመሻገሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ምንጭ አለው፣ ከምንጩ ወዲያ አንድ አሮጌ የአኻያ ዛፍ አለው። በጎቻቸው ከሞላ ጎደል የሚኖሩት በዚያ ነው።

«ከዛፉ ወዲያ አቃጥል» ይላሉ እትዬ ሰታይታ መስኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው።

«እማማ፣ እስከ ወንዙ ነው የታዘዝኩት።»

«ወንዙንም ልታቃጥል ነው?»

«እሺ፣ እስከ ምንጩ።»

«ግልገሎቹ ገና ጡት አልጣሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ና።»

«ጦርነት ነው እማማ!»

«ጦርነት ሳምንት አይጠብቅም?»

ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ነፋሱ አቅጣጫ እየቀየረ፣ ወታደሮቹ ጋሻቸውን ተንተርሰው እያንኮራፉ፣ ክርክሩ ይቀጥላል። መጨረሻው በየዓመቱ ያው ነው፤ ከዛፉ ወዲያ ይቃጠላል፣ ከዛፉ ወዲህ ይቀራል፣ አይደሙርም በላብ ተጠምቆ ግማሽ አይብ በጨርቅ ተጠቅልሎለት ይመለሳል። ግማሹን አይብ እሱ ነው ተከራክሮ ያገኘው። ወታደሮቹ ያልገባቸው ነገር ቢኖር፣ ይህ ሰው የሱልጣኑን ጦር በአንድ ጩኸት የሚያሰልፍ ሆኖ ሳለ፣ በዓመት አንድ ቀን በአንዲት ባልቴት ሲሸነፍ እያፏጨ መመለሱ ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ሰላዮች ከሞሱል በኩል ወሬ አመጡ፤ ዘንድሮ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ዘንድሮ ፈረሶቹ እየተሰበሰቡ ነው አሉ። የምሽጉ አዛዥ አይደሙርን አስጠሩት። በቀኝም በግራም ሰው አላስቀሩም፤ ይህ ራሱ ያስፈራል።

«አይደሙር፣ እስካሁን ስለዚያች መስክ የማላውቅ መስዬ ኖሬያለሁ» አሉት። «ዘንድሮ መሻገሪያው ላይ አንዲት ሰበዝ ሣር ብትቀር፣ ፈረሶቻቸው እዚያ አርፈው ሌሊቱን ወንዙን ይሻገራሉ። አንዲት ሰበዝ ብትቀር፣ በቦታዋ ያንተን አንገት አስቀምጣለሁ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል ጌታዬ።»

በማግስቱ ማዶ ተሻገረ። እትዬ ሰታይታ መስኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አጠገባቸው እረኛቸው ዑበይድ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ዑበይድ ከሳቸው ጋር ብዙ ዘመን ኖሮ ጥርሱን የጨረሰ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው፤ ዝምተኛ የሆነው ተፈጥሮው ይሁን ተራ አጥቶ አይታወቅም።

«እማማ፣ ዘንድሮ ክርክር የለም። ትእዛዝ ነው፣ ሙሉውን ነው።»

«እሱ የአፍህ ነው፤ የልብህን ንገረኝ።»

«አንገቴ ነው የሚሄደው!»

«አንገትህን ማን ጠየቀህ? እኔ የጠየቅኩህ ሣሬን ነው።» ከዚያ ትክ ብለው አዩት፤ እንደሌላው ጊዜ እየቀለደ እንዳልሆነ ገባቸው። «በጎቼ ምን ይብሉ? ግንብ ይጋጡ?»

«ይሽጧቸው።»

«አገሩ ሁሉ በግ ለገበያ በሚያወጣበት ሰሞን? አንተ ልጅ፣ ጭሱ ጭንቅላትህ ውስጥ ገባ መሰለኝ። ያለኝ ይኸው ነው። ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። እነዚህ ካለቁ የጎረቤት ደጅ ነው የምቀመጠው፤ ከጎረቤት ደጅ ደግሞ ዋጋ አይከራከሩም።»

አይደሙር ሰማይ ሰማይ አየ፣ ወንዙን አየ።

«ስማኝ» አሉ እትዬ ሰታይታ። «ዙሪያውን ሁሉ አቃጥል። ከዛፉ ወዲያ አንዲት አታስቀር። ይቺን ተውልኝ፤ በጎቼ እየጋጡ ይቆዩ። አንድ ማሰሮ ፍም ግን ስጠኝ። እዚሁ እውላለሁ፣ እዚሁ አድራለሁ። በምሥራቅ አቧራ ሲነሳ እኔ ራሴ አቃጥለዋለሁ።»

«እርስዎ?»

«እኔ ነኛ።»

«እማማ፣ ሰው የገዛ ሣሩን በገዛ እጁ…»

«አንተ ስታቃጥል ፊትህን ታዞራለህ» አሉት። «በየዓመቱ አይቼሃለሁ። እኔ ፊቴን አላዞርም።»

አይደሙር ይህን ያወቀበት ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ። እንግዲህ አንገቱን በአንዲት ባልቴት ቃል አስይዞ፣ ማሰሮውን ሰጣቸው፤ ዙሪያውን አነደደ፣ ወደ ወንዙ እያየ። ለአዛዡ ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። እውነቱን እንዳልነገራቸው ግን አንገቱ በቦታው መቆየቱ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ ማዶው ጥቁር ሆነ፤ በመሃሉ አንዲት ቢጫ መስክ፣ በመስኩ ላይ በጎች፣ በበጎቹ ፊት እትዬ ሰታይታ፣ በጉልበታቸው ላይ ማሰሮ። በየጊዜው ኩበት እየጨመሩ ፍሙን ይኮተኩታሉ። ሰው ሁሉ ከግንቡ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። አቧራው መቼም አይነሳም ማለት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ ጭስ ቆመ። የመንገዱ ጠባቂዎች ምልክት ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ። ከምሽጉ ማማ ርግቧ ተለቀቀች፣ በሩ ሲጥ ሲጥ እያለ መዘጋት ጀመረ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየተጣሩ ሮጡ። ሁሉም ሰው ዓይኑ ያረፈው ግን ማዶ ነበር። መስኩ አይጨስም።

«አላቃጠለችም» አሉ አዛዡ ከግንቡ ላይ፤ ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባቸው። ወደ አይደሙር አልዞሩም፤ መዞር አላስፈለጋቸውም።

አይደሙር ከጥቂት ሰዎች ጋር በታንኳ ተሻገረ። ታንኳ ስል የተነፉ አቁማዳዎች ላይ የታሰረ እንጨት ነው፤ ይንሳፈፋል እንጂ አይከበርም። ከወዲያኛው ዳር ሲደርሱ ዑበይድ በጎቹን በሌሎች ታንኳዎች ላይ እየጫነ ነው፤ ግማሾቹ ገና ሸምበቆው ውስጥ ይጮኻሉ። አይደሙር ሸምበቆውን ገለጥ አድርጎ ወደ መስኩ አየና እዚያው ተንበርክኮ ተደበቀ።

ሞንጎሎቹ ደርሰዋል። ጦሩ ሁሉ አይደለም፤ ፊት ፊት የሚሄዱት፣ ውሃና ሣር የሚያዩት ናቸው። ፈረሶቻቸው ጥቁሩን ምድር ሲረግጡ ከርመው የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፤ ሣሩ ሲሸታቸው እየተንዘፈዘፉ ልጓም ይጎትታሉ። በነሱና በወንዙ መካከል እትዬ ሰታይታ ሣሩ ውስጥ ቆመዋል። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ከጀርባቸው ይነፍሳል፤ ማሰሮውን በሁለት እጃቸው ከሣሩ በላይ አንጠልጥለው ይዘዋል። በቀስት ቢወጓቸው ማሰሮው ይወድቃል። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። አስተርጓሚ ግን ነበራቸው፤ ከሞሱል የመጣ፣ ኑሮው ያንገሸገሸው የሚመስል ሰው።

«ሴትዮ» ይላል አስተርጓሚው፣ «አለቃው ከመንገድ ዞር በይ ይላል።»

«መንገድ አይደለም፣ መስክ ነው። የኔ ነው። ስንት ይሰጣል?»

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ንገረው እንጂ! ለምን ተቀጠርክ?»

ነገረው። አለቃው የበግ ቆዳ ቆብ ያደረገ ሰፊ ጉልማሳ ነው፤ አንድ ነገር አለ። «የዓለም ጌታ ሣር አይገዛም ይላል።»

«እሱ የአፉ ነው፤ የልቡን ጠይቀው።»

አለቃው ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ። የሳቀው በጥላቻ አልነበረም፤ እናት ያለው ሰው ሳቅ ነው። እትዬ ሰታይታ ግን ሳቅ ዋጋ ሲሆን አይተው አያውቁም። ማሰሮውን እንደያዙ ጠበቁ።

«ሕይወትሽን ይተውልሻል።»

«ሕይወቴማ የራሴ ናት። የኔን መልሶ ለኔው ይሸጥልኛል እንዴ? ሌላ ነገር ይጥራ።»

«ኮርቻ ይሰጥሻል።»

«በምን ላይ ልጭነው? በበግ? ፈረስም ይጨምር።»

ፈረስ አመጡላቸው። እትዬ ሰታይታ አንዱን እጃቸውን ከማሰሮው ሳያነሱ የፈረሱን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን አዩ። «ይሄ እኮ ከኔ ይበልጣል! ሽማግሌ ነው የምታመጡልኝ? ሌላ።» ሌላ መጣ። አካሄዱን ካላየሁ አሉ። አንድ ወታደር እየጎተተ አዞረላቸው፤ ሌላም ዙር አዞሩት። ከዚያ ደግሞ ስንት ፈረስ ነው የሚግጠው፣ ውርንጭላ የያዘች ባዝራ እንዴት ነው የምትታሰበው፣ ፈረሱ ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ የሚግጠው የሚል ነገር ተነሳ። ተኝቶ ከሆነ ሣሩን ያደቀዋል፤ ዋጋው ሌላ ነው። አስተርጓሚው ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ጠረገ። አይደሙር ሸምበቆው ውስጥ ሆኖ አዘነለት፤ ያንን ላብ ያውቀዋል።

ከኋላው በጎቹ እየተጫኑ ነው። አንድ ታንኳ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

አንደኛው ፈረሰኛ ትዕግሥቱ አልቆ ቀስቱን ዳሰሰ። አለቃው ለወታደሩ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቋንቋው አይደሙር ልጅ ሳለ የሚያውቀው ስለሆነ ቃል በቃል ገባው። «ተዋት፣ አታቃጥልም። በግ ያለው ሰው ሣር አያቃጥልም። ትድከም፤ ሲደክማት ታስቀምጠዋለች።»

አይደሙርን የከፋው ሰውዬው ልክ መሆኑ ነው። የሱም ልብ የሚለው ይህንኑ ነበር። የተወለዱበት አገር አንድ ነው፤ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሁሉ፣ ባል የሌላት ልጅ የሌላት በግ ጠባቂ ያለቻትን አንዲት መስክ በገዛ እጇ ታነድዳለች ቢሉት አያምንም። ያመነ ቢኖር ፈረሶቹን ይዞ ገና ድሮ ይሸሽ ነበር። ሞንጎሎቹ ቆመው የተከራከሩት ለዚህ ነው፤ አይደሙርም እጁን ፍላጻው ላይ አድርጎ የሚጠብቀው ማሰሮው መሬት ላይ ሲቀመጥ ለማየት ነበር።

ዑበይድ ከወንዙ ዳር አፏጨ። የመጨረሻዋ በግ ታንኳ ላይ ወጥታለች።

እትዬ ሰታይታ ፉጨቱን ሰሙ። ዛፉን አዩ፣ ከዚያ ምንጩን አዩ።

«እሺ» አሉ። «ያላችሁት ይሁን። ተስማምቻለሁ።»

አስተርጓሚው ከልቡ፣ ኧረ ከእግር ጥፍሩ፣ እፎይ አለ። አለቃውም ፈገግ ብሎ ለፈረሶቹ ልጓም ፍቱ ሊል እጁን አነሳ። እትዬ ሰታይታ ማሰሮውን ለቀቁት።

ማሰሮው እግራቸው ሥር ተሰበረ፤ ሣሩ ያን ያህል ጊዜ ደርቆ የጠበቀው ይህንን ይመስል ተንጣጣ። ነፋሱ ከጀርባቸው ገፋው። ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ሰዎቹም ፈረሶቹን ተከትለው ጮኹ፤ በእሳቱ ውስጥ አለቃው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሲያይ አይደሙር ፊቱን አየው። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ አገር ቤት የሞተበትን ሰው መርዶ የሰማ ይመስል ነበር። እትዬ ሰታይታ ፊታቸውን አላዞሩም። መስኩ እስከ ዛፉ፣ ዛፉም ራሱ እስኪያያዝ ድረስ ቆመው አዩት።

አይደሙር ሮጦ አነሳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አውርደኝ፣ እግር አለኝ» ብለው ጆሮውን ይጠመዝዙት ነበር። በትከሻው ላይ እንደ ጆንያ ዝም አሉ። ታንኳው ላይም ዝም አሉ። ቀዛፊው ከወዲህ ዳር ሲደርሱ፣ በልማዱ ገና ከመውረዳቸው፣ «እትዬ፣ ሁለት አይብ ነው፤ በጎቹም አሉበት» አለ፤ አንድ ግማሽ እንደሚሰጡት ያውቃል።

«እሺ» አሉ እትዬ ሰታይታ። «ሁለት።»

ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወንዝ ውስጥ ጣለው።

ሞንጎሎቹ በዚያ ዓመት አልተሻገሩም። ፈረሶቹ በባዶ ሆድ የትም ሊደርሱ እንደማይችሉ የፊተኞቹ ለኋለኞቹ ነገሩ፤ ጦሩ ወደመጣበት ዞረ ተባለ። የአይደሙር አንገት በቦታው ቆየ። አዛዡ በአደባባይ ለእትዬ ሰታይታ ካባ አለበሷቸው፤ እትዬ ሰታይታም አመስግነው ሄዱ። ገበሩን አልገለጡም፣ ስፌቱን አልዳሰሱም፣ ይሄ ያለቀ ጨርቅ ነው አላሉም። ያኔ ነው ከተማው መፍራት የጀመረው።

ሽንኩርት ገዙ፤ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ «እሺ» ብለው ከፈሉ። ሰውዬው ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ሚስቱን «እትዬ ሰታይታ ሊሞቱ ነው» አላት። በጎቹን የሚያበላቸው ሣር ስላልነበረ ሊሸጡ ወጡ፤ አራጁ ለክርክር መነሻ ብሎ አሳፋሪ ዋጋ ጠራ፣ እሳቸው «እሺ» አሉ። አራጁ ከሁለት ቀን በኋላ በራቸውን አንኳክቶ፣ «እትዬ፣ በእግዜር፣ ትንሽ ይጨምሩብኝ፣ ተኝቼ ማደር አልቻልኩም» አላቸው። ገዢ ሻጭን ዋጋ ጨምሪ ብሎ ሲለምን ረሕባ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። «የሰጠኸኝ ይበቃል» አሉት፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ጥቂት በጎች ከዑበይድ ጋር ቀሩ።

አይደሙር በየሳምንቱ ከፈረሱ ድርሻ ገብስ ቀንሶ ያመጣላቸዋል። ይቀበሉታል። «ከዚህ የተሻለ የለህም?» አይሉም። ወታደሮቹ አለቃቸው በዚያ ወራት ክፉኛ ተናዳጅ ሆነ ይላሉ።

ዝናብ ጣለ። ማዶ ጥቁሩ ምድር ታጠበና ሣሩ ከበፊቱ ይልቅ አምሮ በቀለ፤ አኻያውም ከሥሩ አቆጠቆጠ። ከግንቡ ላይ ሆኖ ያላየው አልነበረም። እትዬ ሰታይታ አልተሻገሩም። ደጃቸው ላይ፣ ወደ ወንዙ የምታየው ድንጋይ ላይ፣ ቁጭ ብለው ሱፍ ይፈትላሉ።

በጋው ተመልሶ መጣ፣ ሣሩ ደረቀ፣ ትእዛዙም ደረሰ። አይደሙር ወንዙን ከመሻገሩ በፊት ወደ እትዬ ሰታይታ ደጅ ሄደ። ዑበይድ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

«እማማ፣ ነገ ማዶ እሄዳለሁ። ከእርስዎ መስክ ነው የምጀምረው።»

«ጀምር» አሉ ሱፋቸውን እየፈተሉ።

«ሙሉውን ነው የማቃጥለው።»

«አቃጥል።»

አይደሙር ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ድል አይፈልግም ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። «እስከ ዛፉ ድረስ ልተውልዎት አስቤያለሁ። ፍሙን እንደ ዓምናው እርስዎ ይያዙ። አዛዡም እሺ ብለዋል።»

«እንደፈለግክ።»

እንዝርቱ ይሽከረከራል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ከሳቸው ጋር ያን ሁሉ ዓመት ሲጣላ አንድ ነገር መማሩ አልቀረም።

«ግን ሳስበው እስከ ዛፉ ይበዛል» አለ ወደ ሌላ እያየ። «እስከ ምንጩ ብቻ ነው የምተወው።»

እንዝርቱ ቆመ።

«ደግሞ ምንጩም ቢሆን…»

«ቆይ» አሉ እትዬ ሰታይታ።

«ምነው?»

«አሁን እስከ ዛፉ አላልክም?»

«አላልኩም።»

«ብለሃል! ዑበይድ፣ አላለም?»

«ብሏል» አለ ዑበይድ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ በዚያ ዓመት የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም።

«ይሄው! አለቃ ነኝ ብለህ ካባ ለብሰህ፣ ሰው ፊት የተናገርከውን ትበላለህ? ደግሞስ ምንጭ ላይ ምን ሣር አለ? ጭቃ ልጋጥ ነው? በጎቼን ጭቃ ላብላቸው?»

«እስከ ምንጩ ነው። እሱም ለእርስዎ ብዬ ነው።»

እትዬ ሰታይታ ሱፉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱ የአፍህ ነው» አሉት። «የልብህን ንገረኝ።»

የልቡን ቢነግራቸው መስኩን ከነዛፉ ከነምንጩ፣ የተወለደበትን ዳርቻ የሌለው ሜዳም ጨምሮ ይሰጣቸው ነበር። አይደሙር ፊቱን ቶሎ ወደ ወንዙ አዞረ።

«ምን ሆንክ?»

«ጭስ ነው፣ ዓይኔን…»

«የምን ጭስ? ገና መቼ አቃጠልክና!»

«እስከ ምንጩ ነው ያልኩት» አለ አይደሙር፣ ድምፁን እንደምንም አኮሳትሮ።